ከሳተርን 5 ወረደ የተባለ ቦርድ ደሴ ላይ ሲመረመር፦ የአንድ ጥገና ቤት አገልግሎት ግምገማ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ በአንድ አሮጌ ፎቅ የላይኛው ክፍል ውስጥ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት አለ። የዕለት ሥራው ቴሌቪዥን፣ ዲኮደርና አምፕሊፋየር መጠገን ሲሆን፣ ይህ ግምገማ የሚመለከተው ግን በሩ ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ ያልተጻፈውን ሌላ ሥራውን ነው። ባለቤቱ ከመጀመሪያዎቹ የጠፈር መንኮራኩሮች ኮምፒውተር የወጣ ነው ተብሎ የተሸጠ ዕቃ ሲቀርብላቸው ይመረምሩታል፤ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደተሠራና በእነማን እጅ አልፎ እንደመጣ፣ ሊታወቅ የሚችለውን ያህል በጽሑፍ ይሰጣሉ። የሱቁን ስም የማልጠቅሰው ባለቤቱ ስለጠየቁኝ ነው፤ ምክንያታቸውም «ቴሌቪዥኑ ራሱ ወረፋ አለው» የሚል ነበር።

በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው አለ ቢባል ብዙ ሰው አያምንም። ሆኖም ኮምቦልቻ ውስጥ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች፣ የቴክኒክ መምህራንና አንድ ሁለት ነጋዴዎች ያሉበት ትንሽ ቡድን አለን። ዕቃው የሚደርሰን በአብዛኛው በውጭ አገር ባሉ ዘመዶቻችን ሻንጣ ነው፤ እነርሱ ከኢንተርኔት ሻጮች ይገዙትና ለበዓል ሲመጡ ይዘውልን ይመጣሉ። አስቸጋሪው ነገር ዋጋው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ አንድ የኮምፒውተር ቦርድ የተራ የመሥሪያ ቤት ማሽን አካል ከሆነ በርካሽ ይገኛል፤ ያው ቦርድ «የአፖሎ ነው»፣ ማለትም ሰውን ጨረቃ ላይ ያሳረፈው የአሜሪካ ፕሮግራም አካል ነው ከተባለ ዋጋው በብዙ እጥፍ ይወጣል፤ «ጠፈር ደርሶ የተመለሰ ነው» ከተባለ ደግሞ ሻጩ የጠራው ሁሉ ዋጋ ይሆናል። ላላወቀው ሰው ሦስቱም በመልክ አንድ ናቸው፤ ስለዚህ ገዢው አብዛኛውን ገንዘቡን የሚከፍለው ከዕቃው ጋር ለመጣው ወሬ ነው።

ባለሙያው በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት ወጣቶች አንዱ ናቸው። ኤሌክትሮኒክስን የተማሩት በሩሲያኛ ነው፤ ከተመለሱም በኋላ ዕድሜያቸውን የፈጁት በጥገና ሥራ ነው። ደንበኞቻቸውም ሆኑ አብራቸው የምትሠራው ወጣት ቴክኒሺያን «ጋሼ» ስለሚሏቸው እኔም እንዲሁ እላለሁ። በየትኛውም የጠፈር ፕሮግራም ውስጥ ሠርተው አያውቁም፤ ይህንንም ሳይጠየቁ፣ ገና ዕቃው ከማሸጊያው ሳይወጣ ይናገራሉ። የአፖሎ ኮምፒውተር ንድፎችና የፕሮግራም ዝርዝሮች ዛሬ ተቃኝተው በኢንተርኔት በነፃ ስለሚገኙ፣ በትርፍ ጊዜያቸው እነርሱን አውርደው ማንበብ የቆየ ልማዳቸው ሆኗል።

ጋሼ ዕቃውን በእጃቸው ከመያዛቸው በፊት የሚያቀርቡት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ይህ ከየትኛው መንኮራኩር ወጣ ተባለ፣ ያ መንኮራኩርስ መጨረሻው የት ሆነ? ሰኞ ገበያ በሬ ሊገዛ የወጣ ገበሬ ጥርሱን ከማየቱ በፊት ከማን በረት እንደወጣ እንደሚጠይቀው መሆኑ ነው። ይህ ጥያቄ ማጉያ መነጽርም ሆነ ቴስተር ሳያስፈልግ ከሻጮች ወሬ ብዙውን ክፍል እንደሚጥል ያየሁት ይዘንላቸው በሄድናቸው ሦስት ዕቃዎች ላይ ነው።

የመጀመሪያው የአፖሎ ጠፈርተኞችን ወደ ጨረቃ ካስወነጨፈው ከሳተርን 5 ሮኬት ኮምፒውተር የወጣና የበረረ ነው ተብሎ የተሸጠ ቦርድ ነበር። የሳተርን 5 ኮምፒውተር አይቢኤም የሠራው ሲሆን፣ የሚቀመጠው ከሮኬቱ ሦስተኛ ደረጃ፣ ማለትም ከላይኛው የሞተር ክፍሉ፣ በላይ ባለው የመሣሪያ ቀለበት ውስጥ ነው፤ የቀለበቱ ዲያሜትር 6.6 ሜትር፣ ቁመቱም 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቀለበቱ ከሦስተኛው ደረጃ ጋር እንደተያያዘ ይቀራል፤ ወደ ምድር የሚመለስበት መንገድ አልተሠራለትም። የአፖሎ 8፣ የ10 እና የ11 ሦስተኛ ደረጃዎች በጨረቃ አጠገብ አልፈው ፀሐይን ወደሚዞር ምሕዋር ገቡ። ከአፖሎ 13 እስከ 17 ያሉት ደግሞ ቀደም ብለው ጨረቃ ላይ የተተከሉት የመንቀጥቀጥ መለኪያዎች ድንጋጤውን እንዲመዘግቡ ሲባል ሆን ተብሎ ከጨረቃ ጋር እንዲላተሙ ተደረገ። የአፖሎ 12 ታሪክ ለብቻው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ምድርን ሲዞር የተገኘና መጀመሪያ አስትሮይድ ነው የተባለ፣ ጄ002ኢ3 የሚል መለያ የተሰጠው አካል ከላዩ የሚንጸባረቀው ብርሃን ሲመረመር የነጭ ቀለም ምልክት ስላሳየ፣ የዚያው የአፖሎ 12 ሦስተኛ ደረጃ እንደሆነ ይታመናል። ጋሼ ይህን ከተናገሩ በኋላ «የበረረ የሳተርን ኮምፒውተር አለኝ የሚል ሰው በመጀመሪያ እሱን ሄዶ ማምጣት አለበት» አሉ። ቦርዱን ገና አልነኩትም ነበር።

ይህ ግን «የበረረ» የሚለውን ብቻ ይጥላል። ለሙከራ የተሠሩ፣ በመለዋወጫነት የተቀመጡና ያልበረሩ የሳተርን ኮምፒውተር ክፍሎች ከፕሮግራሙ ማብቂያ በኋላ በቁርጥራጭነት ወጥተው ሰብሳቢዎች እጅ ስለገቡ፣ ቦርዱ ከእነዚያ አንዱ ሊሆን የሚችልበት ዕድል ነበር። የጋሼ ሙያ የታየኝ እዚህ ላይ ነው። የሳተርን ኮምፒውተር ሎጂክ፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠራው ክፍል፣ የተሠራው ዩኤልዲ በሚባሉ፣ ጎናቸው 7.6 ሚሊ ሜትር ያህል በሆነ ጥቃቅን የሴራሚክ ካሬዎች ነው፤ እነዚህ ካሬዎች ቦርዱን በስቶ የሚያልፍ እግር የላቸውም፣ ላዩ ላይ ተነጥፈው በጠርዛቸው በሶልደር ይያያዛሉ። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. አፕሪል 7 ቀን 1964 አይቢኤም ይፋ ያደረገው ሲስተም/360 የተባለው የድርጅቶች ኮምፒውተር ደግሞ ኤስኤልቲ በሚባሉ ሞጁሎች የተሠራ ነው፤ የእነዚህ ጎን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአሉሚኒየም ክዳን አላቸው፣ እግሮቻቸውም ቦርዱን በስተው በጀርባው በኩል ይወጣሉ። ሁለቱ የአንድ ኩባንያ የአንድ ዘመን ሥራዎች በመሆናቸው ይመሳሰላሉ፤ ሻጮችም የሚጠቀሙት በዚህ መመሳሰል ነው። ጋሼ ካሊፐር አውጥተው አንዱን ካሬ ለኩ፣ ቦርዱንም ገልብጠው በጀርባው የወጡትን እግሮች አሳዩን። ጉዳዩ አለቀ፦ ቦርዱ የሲስተም/360 ቤተሰብ ነው። በሪፖርታቸው ላይ «የመሥሪያ ቤት ወይም የድርጅት ኮምፒውተር አካል፣ በጥሩ ይዞታ ላይ ያለ» ብለው ጻፉ። የቦርዱ ባለቤት ፊቱ ሲጠቁር አይተው፣ ሲስተም/360 ራሱ በኮምፒውተር ታሪክ ውስጥ ያለውን ቦታ ረዘም አድርገው አስረዱት፤ ማጽናኛውን የተቀበለው ግን አይመስለኝም።

ሁለተኛው በፕላስቲክ ፍሬም ውስጥ በጥቃቅን የፌራይት (ማግኔት የሚሆን ሴራሚክ) ቀለበቶች የተሠራ የሜሞሪ ሰሌዳ ሲሆን፣ «እ.ኤ.አ. በ1967 ከበረረው ሶዩዝ» የሚል ወሬ ይዞ የመጣ ነበር። ጋሼ በሶቪየት ዕቃ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይለወጣል፤ ቤታቸው የገቡ ያህል ነው። በቮስቶክ ላይ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. አፕሪል 12 ቀን 1961 ጋጋሪን በበረረበት መንኮራኩር፣ ዲጂታል ኮምፒውተር እንዳልነበረ በመናገር ጀመሩ። አብራሪው መንኮራኩሩ ከምድር በየትኛው ቦታ በላይ እንዳለ የሚያሳየው ግሎቡስ የተባለው መሣሪያ በጥርስ ብረቶች የሚዞር ትንሽ የምድር ሉል ነበር፤ አንዲት የፌራይት ቀለበት የለበትም። የ1967ቱ ሶዩዝም ቢሆን ዲጂታል ኮምፒውተር አልተጫነበትም። እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ ጨረቃ አቅጣጫ የተላኩት የዞንድ መንኮራኩሮች አርጎን-11ኤስ የተባለውን ኮምፒውተር ተሸክመዋል፤ ሰዎችን የሚያጓጉዘው ሶዩዝ ግን አርጎን-16ን ይዞ መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ከሶዩዝ ቲ ጋር ነው። ስለዚህ ሻጩ የጠቀሰው ዓመትና የጠቀሰው መንኮራኩር ከዕቃው ዓይነት ጋር አብረው ሊቆሙ አይችሉም።

«አርጎን-16 ነው ብሎ ቢሸጠውስ ኖሮ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መልሳቸው ወደ መጀመሪያው ጥያቄያቸው መለሰን፦ በሶዩዝ ላይ አርጎን-16 የሚቀመጠው በመሣሪያ ክፍሉ ውስጥ ነው፤ ሰዎቹ ያሉበት ክፍል በፓራሹት ሲወርድ የመሣሪያ ክፍሉ ተለይቶ በከባቢ አየር ውስጥ ይቃጠላል። አርጎን-16 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በሶዩዝ ቲኤምኤ-ኤም በሌላ ኮምፒውተር እስኪተካ ድረስ ለረጅም ዓመታት በሥራ ላይ ስለነበረ፣ ያልበረሩ ክፍሎቹ ገበያ ላይ ቢገኙ አይገርምም፤ «በሶዩዝ በርሮ የተመለሰ» የሚለው ግን ከባድ ማስረጃ ይፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ሰሌዳውን ማየት ጀመሩ። በሶቪየት ሠራሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ላይ ወሩ በሮማውያን ቁጥር፣ ዓመቱ ደግሞ በሁለት አሃዝ የሚታተምበት ልማድ እንዳለ አሳዩን፤ በሰሌዳው ጠርዝ ካሉት ዳዮዶች አንዱ የ1971 ዘጠነኛ ወርን ያሳያል። የ1967 በረራ የ1971 ዳዮድ ሊኖረው አይችልም። ለወታደራዊ አገልግሎት ተቀባይነት ያገኘ ዕቃ የሚታተምበት የሮምቦስ ምልክት በአንዳንዶቹ ላይ አለ፤ ሰሌዳውም እርጥበት መከላከያ ላክ ተቀብቷል። ሻጩ ሁለቱንም «የጠፈር ዕቃ ማረጋገጫ» ብሎ ጠቅሷቸው ነበር። ጋሼ ግን ሮምቦሱም ሆነ ላኩ በራዳር፣ በመርከብና በመገናኛ መሣሪያ ላይ እንደሚገኙ፣ ስለዚህ የሚያሳዩት የጥራት ደረጃውን ብቻ እንደሆነ ገለጹ። የመጨረሻ ፍርዳቸው፦ በሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1971 ወይም ከዚያ በኋላ የተሠራ፣ ለወታደራዊ ደረጃ መሣሪያ የታሰበ የፌራይት ሜሞሪ፤ ከየትኛው ማሽን እንደወጣ የሚያሳይ ምልክት የሌለው። ፓስፖርት ተብሎ የሚጠራው ደብተር ቢኖር ኖሮ ጉዳዩ ሌላ ይሆን እንደነበር ደጋግመው ተናገሩ። በሶቪየት አሠራር አንድ መሣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ መለያ ቁጥሩ፣ የፍተሻ ውጤቱና የተቀባዩ ማኅተም የሰፈረበት ደብተር አብሮት ይወጣል፤ ሻጮች ብዙ ጊዜ ደብተሩን ለብቻው፣ ዕቃውን ለብቻው ይሸጡታል፤ ይባስ ብሎም የአንዱን ደብተር ከሌላው ዕቃ ጋር ያጣምራሉ። ስለዚህ ደብተር ሲቀርብላቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት በደብተሩ ያለውን ቁጥር በዕቃው አካል ላይ ከተቀረጸው ጋር ማስተያየት ነው።

ሦስተኛው ዕቃ ከሁሉም ትንሹ፣ ለእኔም ከሁሉም አስደሳቹ ነበር፦ በፕላስቲክ መያዣው ውስጥ ያለ አንድ ጠፍጣፋ ቺፕ፣ «አፖሎ 11ን ጨረቃ ላይ ካሳረፈው ኮምፒውተር የወጣ» የተባለ። የአፖሎ ኮምፒውተር የተነደፈው በኤምአይቲ የመሣሪያ ላቦራቶሪ ነው፤ የሠራው ሬይቲዮን የተባለ ኩባንያ ሲሆን ፋብሪካው ማሳቹሴትስ ውስጥ ዎልተም ላይ ነበር። ክብደቱ 32 ኪሎ ግራም ያህል፣ የሚለወጠው ሜሞሪ 2,048 ቃላት (ኮምፒውተሩ በአንዴ የሚያነባቸው የመረጃ አሃዶች)፣ ቋሚው ሜሞሪ ደግሞ 36,864 ቃላት ነበር። የሁለተኛው ትውልድ ማሽን ሎጂክ በሙሉ የተሠራው 2,800 ያህል ተመሳሳይ ቺፖችን በመጠቀም ነው፤ እያንዳንዱ ቺፕ ሦስት ሦስት መግቢያ ያላቸው፣ ኖር ጌት የተባሉ ሁለት ቀላል የሎጂክ ሰርኪቶችን ይይዛል። የአንድ ዓይነት ቺፕ መብዛት ለአስተማማኝነት የተመረጠ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ለሻጮች አመቺ ሆኗል፣ ምክንያቱም የተረፈው መለዋወጫ ብዙ ነው።

እዚህም ላይ የመንኮራኩሩ መጨረሻ ተጠየቀ። ጨረቃ ላይ ያረፈው ንስር የተባለው ማረፊያ መንኮራኩር ወደ ምድር አልተመለሰም፤ የታችኛው ክፍሉ ጨረቃ ላይ ቀረ፣ ኮምፒውተሩ ያለበት የላይኛው ክፍልም ጠፈርተኞቹን ካደረሰ በኋላ በጨረቃ ምሕዋር ተለቀቀ። የሌሎቹ በረራዎች ማረፊያ መንኮራኩሮችም እንዲሁ ወይ ጨረቃ ላይ ወድቀዋል፣ ወይ በከባቢ አየር ውስጥ ጠፍተዋል፣ ወይ እንደ አፖሎ 10ሩ ፀሐይን ወደሚዞር ምሕዋር ሄደዋል። ወደ ምድር የተመለሱት ኮምፒውተሮች ጠፈርተኞቹ በውስጡ ሆነው ባሕር ላይ በሚያርፉበት የትዕዛዝ ክፍል ውስጥ የነበሩት ናቸው። ስለዚህ «ጨረቃ ላይ ያሳረፈው ኮምፒውተር» የሚለው ሐረግ ሻጩ ሳያስበው ራሱን ያጋለጠበት ነው።

ቺፑን በማጉያ ሲያዩት ግን ጋሼ ዝም አሉ፤ ከዚያም ወጣቷን ቴክኒሺያን «ነይማ፣ አንቺ ልጅ፣ እግሮቹን እይልኝ» አሏት። በላዩ የታተመው አራት አሃዝ 6834 ነበር፤ በአሜሪካ አሠራር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓመቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን ስለሚያመለክቱ ቺፑ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1968 በ34ኛው ሳምንት ነው። የአምራቹ ምልክትና የዕቃ ቁጥሩም ለአፖሎ ቺፖች በወጣው ንድፍ ላይ ካለው ጋር ገጠመ። ልጅቷ ያየችው ደግሞ ወሳኙ ነበር፦ እግሮቹ ሙሉ ርዝመታቸውን እንደያዙ ቀጥ ብለዋል፣ አልተቆረጡም፣ ጫፋቸው ላይም የብየዳ ጠባሳ የለም። በአፖሎ ኮምፒውተር ሞጁሎች ውስጥ እነዚህ ቺፖች የሚያያዙት በተለመደው ሶልደር ሳይሆን በኤሌክትሪክ ብየዳ ነው፤ ማሽን ውስጥ የገባ ቺፕ ያንን ጠባሳ ይዞ መውጣቱ አይቀርም። ይህ ቺፕ ከመያዣው ወጥቶ አያውቅም። ፍርዱም እንዲህ ሆነ፦ እውነተኛ የአፖሎ ኮምፒውተር ቺፕ፣ በመለዋወጫነት የተሠራ፣ በየትኛውም ማሽን ውስጥ ያልተገጠመ። ከሦስቱ ሻጮች ሁሉ ለእውነት የቀረበው ይኸኛው ነበር፤ በሐሰት ያስጌጠውም ያለምክንያት ነው፣ ዕቃው ባዶውንም ቢሆን ገዢ አያጣም ነበርና።

አንድ ሰው የዚያኑ ኮምፒውተር ኮር ሮፕ የተባለውን ቋሚ ሜሞሪ ቢያመጣስ ምን ያደርጉ እንደነበር ስንጠይቃቸው ረጅም ማብራሪያ ሰጡን። በዚህ ሜሞሪ ውስጥ ፕሮግራሙ የተጻፈው በሽቦ አካሄድ ነው፤ ሽቦው በቀለበቱ ውስጥ ካለፈ አንድ፣ በጎኑ ካለፈ ዜሮ ይሆናል። አንድ ሞጁል 512 ቀለበቶች አሉት፣ ኮምፒውተሩ ስድስት ሞጁሎችን ይይዛል፤ ሽቦውን በመርፌ ያስገቡት ደግሞ በሬይቲዮን ፋብሪካ የተቀጠሩ፣ ብዙዎቹም ከአካባቢው የጨርቃ ጨርቅና የሰዓት ፋብሪካዎች ልምድ ያላቸው ሴቶች ነበሩ። ከእኛ መካከል በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ሥራ ላይ ያለው ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። የጋሼ ነጥብ ግን ሌላ ነበር፦ ፕሮግራሙ በሽቦው ውስጥ ስለተቀረጸ፣ ሞጁሉን በጥንቃቄ ማንበብ ከተቻለ ይዘቱን ከታወቁት የፕሮግራም ዝርዝሮች ጋር ማመሳከር ይቻላል። ለምሳሌ በአፖሎ 11 የትዕዛዝ ክፍል የተጫነው ኮማንቼ 55፣ በማረፊያ መንኮራኩሩ የተጫነው ደግሞ ሉሚናሪ 99 ይባላል፤ የሁለቱም ዝርዝር ዛሬ ለሕዝብ ክፍት ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ለየትኛው በረራ እንደታሰበ በራሱ አካል ላይ ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው፤ ጋሼ ግን የማንበቢያ መሣሪያው እንደሌላቸውና ቢመጣላቸውም እንደማይነኩት በግልጽ ነግረውናል።

የሪፖርቱ አጻጻፍ ለዚህ አገልግሎት ከፍ ያለ ግምት እንድሰጥ ያደረገኝ ዋናው ነገር ነው። ወረቀቱ ሦስት ክፍል አለው፦ እሳቸው በዓይናቸው ያዩትና የለኩት፣ በሰነድ የተረጋገጠው፣ እና ሻጩ የተናገረው። ሦስቱ አይደባለቁም። ከመጀመሪያው ክፍል ወደ መደምደሚያ የሚያልፉት ዕቃው ምን እንደሆነ በሚለው ላይ ብቻ ነው፤ የት እንደነበረ የሚለውን ያለሰነድ አይጽፉትም። የሳተርን ቦርዱ ባለቤት «ጋሼ፣ አንዲት መስመር ብቻ፣ ሊሆን ይችላል ብለው ቢጽፉልኝ ምን አለበት?» ብሎ ለመናቸው። «ልጄ፣ እኔ ሊሆን ይችላል ብዬ የጻፍኩት አንተ ስትሸጠው ነው ይሆናል» ብለው ወረቀቱን ፈርመው ሰጡት። ማኅተም ያለበት የእውነተኛነት ምስክር ወረቀት እንዲሰጡ የሚጠይቋቸውንም ይመልሳሉ። ገበያው ላይ ያሉት እንዲህ ያሉ ወረቀቶች አብዛኛውን ጊዜ ሻጩ ለራሱ ዕቃ የጻፋቸው በመሆናቸው በዚህ ላይ ከእሳቸው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ሰነድ ምን ያህል እንደሚመዝን ለማስረዳት የሚያነሱት አንድ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ መንግሥት ጨረታ አንዲት ገዢ በ995 ዶላር ያገኘችው ከረጢት፣ በላዩ ባለው የዕቃ ቁጥር ተጣርቶ በአፖሎ 11 በረራ የመጀመሪያው የጨረቃ አፈር የተሰበሰበበት ሆኖ ተገኘ። ለማረጋገጥ የላከችለት ናሳ አልመልስም ቢልም ፍርድ ቤት ከረጢቱ የእርሷ እንደሆነ ወሰነ፤ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2017 በሶዝቢ ጨረታ 1.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። ዋጋውን ያመጡት ቁጥሩና ከቁጥሩ ጋር የተገጣጠመው መዝገብ ናቸው። የባለቤትነት ጥያቄም ከዚሁ ጋር ይነሣል፤ ጠፈርተኞች በማስታወሻነት የያዟቸው ዕቃዎች የራሳቸው መሆናቸው በአሜሪካ ሕግ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ያም ሕግ የጨረቃ ድንጋይንና አፈርን አይጨምርም። በተቃራኒው፣ ኤልቲኤ-8 በተባለው የምድር መሞከሪያ መንኮራኩር ውስጥ የነበረ አንድ የአፖሎ ኮምፒውተር ከናሳ በቁርጥራጭነት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከተሸጠ በኋላ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ዳግም እንዲሠራ አድርገውታል። አልበረረም፣ ማንም በረረ አላለም፤ ታሪኩ ግን ግልጽ ነው። ጋሼ ወሬ ከበዛበት «የበረረ» ዕቃ ይልቅ እንዲህ ያለውን እንደሚመርጡ ይናገራሉ፤ እኔ ግን እውነተኛ የበረረ ዕቃ ከሙሉ ሰነዱ ጋር ቢቀርብልኝ ምርጫዬ እንደሚለወጥ አልክድም።

ደሴ ላይ ይህ ጉዳይ የባዕድ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ቤት የነበረው የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ከተዘረፈ ወዲህ፣ ጋሼ መነሻው ያልታወቀ የአገር ቅርስ ይዞ የሚመጣን ሰው አይቀበሉም፤ ወደ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይልኩታል። ይህን ደንብ ሱቁ ውስጥ በእጅ ጽሑፍ ለጥፈውታል።

ጉድለቶቹን ሳልጠቅስ ብቀር ግምገማው ሙሉ አይሆንም። የዕቃ አያያዛቸው የጥገና ባለሙያ እንጂ የቅርስ ጠባቂ አያያዝ አይደለም። ጓንት አያደርጉም፤ የሶቪየቱን ሰሌዳ ጠርዝ ቁጥሩ እንዲነበብ ብለው ሳያስፈቅዱ በአልኮል ጠረጉት። በእርሳስ ወይም በኖራ የተጻፈ የፋብሪካ ምልክት ቢኖርበት ኖሮ ከአቧራው ጋር ይሄድ ነበር፤ አሮጌ ዕቃ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ታሪኩን የሚይዘው ያ ምልክት ነው። ይህን ስነግራቸው ተቀብለዋል፤ የሚሄድ ሰው ግን «ሳይጠየቅ አይጠረግ» ብሎ አስቀድሞ ቢናገር ይሻላል። በሪፖርቱ ላይ የሚያያዙት ፎቶዎች በማጉያ መነጽር በኩል በስልክ የተነሡ በመሆናቸው ጠርዛቸው ደብዛዛ ነው። ኤክስሬይ የላቸውም፤ ስለዚህ በሙጫ ተሞልቶ የታሸገ ሞጁል ሲቀርብላቸው የሚያዩት ውጫዊውን ብቻ ነው። በሶቪየት ዕቃ ላይ የሚሰጡት ፍርድ ፈጣንና ጥልቅ ሲሆን፣ በአሜሪካ ዕቃ ላይ ግን ንድፎቹን ለማመሳከር ጊዜ ይወስዳሉ፤ መብራት ከሄደ ደግሞ ጊዜው ይራዘማል። ትልቅ የኳስ ውድድር ሲቃረብ የቴሌቪዥኑ ወረፋ ሁሉን ያስቆማል። ሪፖርቱ በአማርኛ ብቻ መጻፉም ገንዘቡን ከውጭ ሻጭ ለማስመለስ ለሚፈልግ ሰው እንቅፋት ነው፤ ትርጉሙን የሚያሠራው ደንበኛው ራሱ ነው።

ክፍያው እኛ በሄድንበት ጊዜ ለአንድ ዕቃ 800 ብር ነበር፤ ዕቃው ሐሰት ሆነም እውነት ሆነ አይለወጥም፣ ከዕቃው ዋጋም ጋር አይያያዝም። ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው፤ ገማቹ ከዋጋው ድርሻ የሚያገኝ ከሆነ ዕቃው ሁሉ ሲበርር ይኖራል። ከኮምቦልቻ ለሚነሣ ሰው መንገዱ በሐረጎ ጠመዝማዛ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል፤ በክረምት ግን ጉሙ ስለሚያዘገይ ዕቃውን ከእርጥበት በሚከላከል ላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ ያስፈልጋል። አንድ ቦርድ ወይም ቺፕ ያለው፣ ከመሸጡ ወይም ተጨማሪ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት እውነቱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቢሄድ ይጠቀማል፤ ለመሸጫ የሚሆን የሚያምር ወረቀት የሚፈልግ ሰው ግን የመኪና ሂሳቡን ባያባክን ጥሩ ነው። ሲኬድ ከዕቃው ጋር ደረሰኙን፣ የመጣበትን ካርቶን፣ በላዩ የተንጠለጠለ ቢጫ ወይም ቀይ የመጋዘን ካርድ ካለ እሱን፣ እንዲሁም ከሻጩ ጋር የተደረገውን የጽሑፍ ልውውጥ ታትሞ መያዝ ያስፈልጋል፤ ጋሼ ስልክ ላይ ያለ መልእክት አያነቡም። ይህን ሥራ የሚሠሩት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ዕቃ የሚያሳድሩት ደግሞ ቁጥሩና ፎቶው ያለበት መረከቢያ በሁለት ቅጂ ተፈርሞ ከሆነ ብቻ ነው።